በጎጃም ለሰርግ ልምድ ያለው ፎቶ አንሺ እንዴት ይመረጣል? ውሉስ እንዴት ይያዛል?

ለሰርግ በሬ ሲገዛ ሁለት ሦስት ገበያ ይወጣል፤ ጥርሱ ይታያል፣ ሻኛው ይዳበሳል። ፎቶ አንሺው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስልክ ነው የሚያዘው። የሆነ ዘመድ ስም ይጠቁማል፣ የቲክቶክ ወይም የፌስቡክ ገጹ ይታያል፣ ቀብድ በቴሌብር ይላካል፣ አለቀ። ችግሩ ገጹ ላይ ያሉት ሃያ ፎቶዎች ከሃያ ሰርግ የተለቀሙ መሆናቸው ነው። ማምሻ ላይ ጣና ዳር የቆመች ሙሽራን አሳምሮ ማንሳት ለጀማሪም አይከብድም። ልምድ የሚለየው ሰማያዊ ሸራ ድንኳን ውስጥ፣ ጨለም ያለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በስድስት ሰዓት ፀሐይና መብራት በጠፋ ምሽት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ያንን ልዩነት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እንድታዩት ነው።

መቼ መፈለግ ይጀመራል

የሰርጉ ወቅት ጠባብ ነው። ዋናው ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ሲሆን ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ይመጣል። ዐቢይ ጾም ቶሎ ሲገባ የካቲት 1፣ ሲዘገይ መጋቢት 5 ይውላል። ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ከጥምቀት በኋላ ያለው የሰርግ ጊዜ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ ቅዳሜና እሁዱ በጣት ይቆጠራል። በዚያ ዓመት ለጥር ሰርግ በመስከረም ወይም በጥቅምት አንሺውን ይዛችሁ መጨረስ አለባችሁ። ጾሙ በሚዘገይበት ዓመት እስከ ኅዳር ድረስ ብትቆዩም ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የዓመቱን አጽዋማት የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ።

ወቅቱ መጥበቡ ሌላም ጣጣ አለው። አንድ ስቱዲዮ ለአንድ እሁድ ሁለት ሦስት ሰርግ ይቀበላል። የሚዋዋላችሁ ባለቤቱ ነው፤ ሥራውን ያያችሁት የእሱን ነው፤ በሰርጉ ጠዋት ካሜራ አንግቶ የሚመጣው ግን ካሜራ ከያዘ ስድስት ወር ያልሞላው ረዳቱ ነው። ስለዚህ ከዋጋ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «በዚያ ቀን ስንት ሰርግ ይዛችኋል? እኛ ዘንድ የሚመጣው ማን ነው?» የሚለው ነው። የሚመጣው ሌላ ሰው ከሆነ የዚያን ሰው ሥራ አሳዩን በሉ። ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

ከአዲስ አበባ ማስመጣት የሚፈልጉም አሉ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከዚያ 260 ያህል ይቀረዋል፤ የዓባይ በረሃም በመሃል አለ። መንገድ በተዘጋ ቀን ድግሱ አይጠብቅም። የግድ ከሩቅ ይምጣ ካላችሁ ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት እንዲገባ፣ ማደሪያውና መጓጓዣው በማን እንደሆነ ውሉ ላይ እንዲጻፍ፣ ባይደርስም የሚተካው የአካባቢ ሰው አስቀድሞ በስም እንዲታወቅ አድርጉ። የባሕር ዳሩን አንሺ ወደ ሞጣ፣ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ስትወስዱትም ቢያንስ ዋዜማውን እዚያው ይደር።

የአንድ ሰርግ ፎቶ ሁሉንም አስከፍቱ

ይህ የምርጫው ዋና ነገር ስለሆነ ጊዜ ስጡት። «ምርጥ ሥራህን አሳየኝ» አትበሉ፤ ምርጡን ገጹ ላይ አይታችሁታል። «ለአንድ ደንበኛ ያስረከብከውን ከጠዋት እስከ ማታ ሁሉንም አሳየኝ» በሉ። «ደንበኛው አይፈቅድም» ካለ መልሱ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፣ እንዲያውም ለጠባዩ ጥሩ ምልክት ነው። ቢሆንም ለዓመታት የሠራ ሰው የሚፈቅድ አንድ ደንበኛ አያጣም። ፎቶዎቹን በስልክ አትዩ፤ ትንሽ ስክሪን ብዥታን ይደብቃል። ስቱዲዮው ሄዳችሁ በኮምፒውተር፣ የሙሽራዋን ዓይን እስከ መቶ በመቶ እያስጎላችሁ እዩ።

መጀመሪያ ወደ ድንኳኑ ፎቶዎች ሂዱ። ፀሐይ በሸራ አልፋ ስትገባ የሸራውን ቀለም ይዛ ትገባለች፤ ሰማያዊ ሸራ ፊትን ያገረጣል፣ ቢጫው የታመመ ያስመስላል። ጀማሪ ፍላሹን ወደ ጣሪያው አቅንቶ ያነሳል፤ የፍላሹ ብርሃን ከባለቀለም ሸራ ነጥሮ ሲመለስ ቀለሙ ይብስበታል። ልምድ ያለው ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን በነጭነቱ እንዲያይ የሚደረገውን የቀለም ማስተካከያ) በቦታው አስተካክሎ፣ ፍላሹን በነጭ ነገር ላይ አንጥሮ ወይም ሙሽሮቹን ወደ ድንኳኑ አፍ አውጥቶ ያነሳል። የጠላውና የወጡ ቀለም ትክክል ሆኖ የሰዎቹ ፊትም የራሳቸው መልክ ከሆነ አንሺው ድንኳን ያውቃል ማለት ነው።

ቀጥሎ ልብሱ። ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ጠይም ፊት በአንድ ፎቶ ሲገናኙ በራሱ ሞድ የተተወ ካሜራ ነጩን አይቶ ሁሉንም ያጨልማል። በኤዲቲንግ ፊቱን ለማብራት ሲሞከር ደግሞ ነጩ ይቃጠላል፤ ሸማኔው የደከመበት ጥለት ሳይለይ ልብሱ የኖራ ግድግዳ ይሆናል። የነጠላው ድርና ማግ ይታያል? ፊቱ ላይስ የላቡ ወዝ፣ የዓይኑ ጥግ ሽብሽብ አለ? ፊትን አንጥቶና አለስልሶ መጫወቻ አሻንጉሊት ማስመሰል በየስቱዲዮው ተለምዷል። እናንተ ካልፈለጋችሁት ያኔውኑ ተናገሩ፤ ከታተመ በኋላ የሚያስተካክለው የለም።

ተክሊል ወይም ቁርባን ካለ የቤተ ክርስቲያን ፎቶ ሳታዩ አትዋዋሉ። ፍላሽ በብዙ ደብር አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም ሥርዓቱን ይረብሻል። ያለ ፍላሽ ለማንሳት አፉ ሰፊ የሆነ ሌንስ (2.8፣ ቢቻል 1.8፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል)፣ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት መጠን) 3200 ወይም 6400 ላይ ፎቶው ሳይበላሽ የሚሠራ ካሜራና በ1/125 ሰከንድ የማይንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልጋል። ከካሜራው ጋር በተሸጠ ተራ ሌንስ ይህ አይሆንም፤ ወይ ይጨልማል፣ ወይ ይደበዝዛል። አንሺው ጫማ አውልቆ፣ ነጠላ ለብሶ እንደሚገባ፣ ካህናቱን አቋርጦ እንደማያልፍ፣ ወደ መቅደሱ እንደማይጠጋ ማወቅ አለበት። ፈቃዱን ግን እናንተ ራሳችሁ ከደብሩ አስተዳዳሪ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በዕለቱ በር ላይ መነጋገር የሁሉንም ፊት ያጠቁራል።

ጭፈራውንም አትዝለሉ። የጎጃም እስክስታ ትከሻው ፈጣን ነው፤ በ1/60 ሰከንድ የተነሳ ሰው ከወገቡ በላይ ጭስ ይመስላል። ለማርጋት 1/250 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም በደንብ የተለካ ፍላሽ ያስፈልጋል። በቡድን ፎቶ ላይ ደግሞ የኋለኛውን ረድፍ ዓይን እዩ። ሦስት ረድፍ ሰው በ1.8 ካነሳ የፊቶቹ ብቻ ይጠራሉ፣ አያቶቹ ይጠፋሉ፤ ለእንዲህ ያለ ፎቶ 5.6 ወይም 8 ነው የሚያዋጣው። በምሽት ፎቶና ቪዲዮ ላይ አግድም የጥላ ሰንበር ካያችሁ የኤልኢዲ መብራት ብልጭልጭታ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩ (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ቪዲዮ ቀራጭ ሙሉ ምሽቱን ያበላሻል።

ስለ ዕቃው የሚጠየቅ

የካሜራው ስም ያን ያህል አያስጨንቃችሁ፤ ካኖንም፣ ኒኮንም፣ ሶኒም ይሠራሉ። ቁጥሩ ነው ቁም ነገሩ። ሁለት ካሜራ ከሌለው፣ አንዱ ወድቆ ቢሰበር ሰርጉ በስልክ ይጨረሳል። ካሜራው በሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ባለ አንድ ካርድ ከሆነ ግን ሁሉንም በአንድ ትልቅ ካርድ ከማጨቅ በትናንሽ ካርዶች ከፋፍሎ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ካርድ ወደ ድግሱ ሳይወስድ ለብቻው ማስቀመጥ ይችላል። ባትሪ ቢያንስ ለአንድ ካሜራ ሦስት ይኑረው፤ ገጠር ዳስ ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ አይገኝም፣ ከተማም መብራት አይታመንም። ጄኔሬተር ቢኖርም ሙዚቃውና ማብሰያው ይጋሩታል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ብዙውን ያወጣዋል፦ «በሮው ነው ወይስ በጄፔግ የምታነሳው?» ሮው ካሜራው ያየውን ሁሉ የያዘ ጥሬ ፋይል ነው፤ የተሳሳተ ቀለምንና ጨለማን በኋላ ለማስተካከል ያስችላል። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንዱ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይይዛል፤ 2,000 ፎቶ ሲነሳ እስከ 60 ጊጋባይት ይደርሳል ማለት ነው። ካርድ የሚቆጥብ ሰው ተጨምቆ የሚቀመጠውን ጄፔግ ይመርጣል። የድንኳኑ ሰማያዊ ፊት የማይስተካከለውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ድሮን እንጨምር የሚል ካለ ተዉት። ያለ ፈቃድ ማብረር ያስይዛል፤ አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ የድሮን ድምፅ በሰርግ ላይ ማንም መስማት አይፈልግም።

የቀድሞ ደንበኛን መጠየቅ

ሁለት ሰው ደውላችሁ አነጋግሩ። «ጥሩ ነው?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ የእኛ ሰው የማያውቀው ሰው ፊት የሰው ስም አያጠፋም፣ «አዎ ጥሩ ልጅ ነው» ብሎ ይዘጋል። «ሰርጉ መቼ ነበር? አልበሙ መቼ ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ርቀት ሁሉንም ይናገራል። ሁለት ወር ደህና ነው። ዓመት ካለፈ ምክንያቱን አትጠይቁ፣ ወደሚቀጥለው አንሺ ሂዱ። ሌላው ጥሩ ጥያቄ «ስንት ሰዓት መጣ? ስንት ሰዓት ሄደ?» የሚለው ነው።

አቅም ከፈቀደ በቅድሚያ በትንሽ ሥራ ሞክሩት። ለሽምግልናው፣ ለቀለበቱ ወይም ለቅድመ ሰርግ ፎቶ ጥሩትና በሰዓቱ መምጣቱን፣ ሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ፎቶውን በስንት ቀን እንደሚያደርስ እዩ።

ቀብድና ውል

ዋጋ ስታወዳድሩ ድምሩን ብቻ አትዩ። አንዱ ርካሽ የሚመስለው የመልሱን ድግስ ስላላካተተ፣ ሌላው አልበሙን ለብቻ ስለሚያስከፍል፣ ሦስተኛው የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ይሆናል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝርዝር ስጧቸውና በዚያው ላይ ዋጋ ይጻፉ።

ክፍያው በሦስት ቢከፈል ይሻላል። ለምሳሌ ከመቶ 30 ሲያዝ፣ 40 በሰርጉ ማግስት፣ 30 ርክክብ ሲያልቅ። ሁሉን ቀድሞ የከፈለ ሰው ከዚያ በኋላ ለማኝ ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩና ደረሰኙን አስቀምጡ፤ ምክንያቱ ላይ «የሰርግ ፎቶ ቀብድ» ብላችሁ ጻፉ። «ቅድሚያ ክፍያ» ሳይሆን «ቀብድ» መባሉ ጥቅም አለው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። በሰርጉ ሳምንት የተሻለ ገንዘብ ያለው ሌላ ሰርግ ሲመጣ ይህ አንቀጽ አንሺውን ያስቆመዋል። ሰርጉን የሰረዛችሁት እናንተ ከሆናችሁም ቀብዱ ይቀራል፤ በሐዘን ምክንያት ለሚተላለፍ ሰርግ የተለየ ስምምነት ከፈለጋችሁ አሁኑኑ አስገቡት።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። በሁለት ቅጂ፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። እነዚህ ግን አይቅሩበት፦

- በአካል የሚመጣው ሰው ሙሉ ስም፣ ባይችል የሚተካው ሰው ስም፣ ስንት ፎቶ አንሺና ስንት ቪዲዮ ቀራጭ እንደሚመጣ
- ቀኑ፣ የመምጫና የመሄጃ ሰዓቱ (በእኛ ሰዓት አቆጣጠር መሆኑ ይጻፍ)፣ መልስና ቅልቅል ይካተቱ አይካተቱ
- የሚያስረክበው የተስተካከለ ፎቶ ትንሹ ብዛት፣ የአልበሙ መጠንና የገጽ ብዛት፣ ፋይሉ በሙሉ መጠን መሆኑ
- የመረከቢያ ቀን፣ ከዘገየ በየሳምንቱ ከቀሪው ክፍያ የሚቀነሰው መጠን
- ፋይሎቹን ለምን ያህል ጊዜ ሳያጠፋ እንደሚያቆይ
- ፎቶዎቹን በገጹ ላይ መለጠፍ ይችል እንደሆነ

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በዚያው ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። እናንተ ሳታዩት ሙሽራዋ ቲክቶክ ላይ ስታለቅስ እንዳትገኝ አዎ ወይም አይሆንም የሚል አንድ መስመር በቂ ነው። «ከእናንተ ምርጫ በኋላ አሥር ፎቶ ብቻ» የሚል ስምምነትም ይሠራል፤ አንሺውም እኮ ገበያ ይፈልጋል።

የዕለቱ ሰዓትና ቦታ

ጥሩ አንሺም መጥፎ ሰዓት ከተሰጠው አይረዳችሁም። የተለመደው ጥፋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም ተሰብስቦ በስድስት ሰዓት ወደ ሐይቅ ዳር ወይም ወደ መናፈሻ መሄድ ነው። ፀሐይ ከአናት ስትሆን የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ሁሉም ያጨናብሳል፣ ሜካፑ በላብ ይሄዳል። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ከሆነ ወደ ዋርካ ጥላ ወይም ወደ በረንዳ ግቡ። በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለሙሽሮቹ ብቻ ከ11 ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት ከፕሮግራሙ ላይ ቆርሳችሁ አስቀምጡ። ድግሱ ቢዘገይ የምትነኩት ሌላውን እንጂ ያንን ሰዓት አይሁን።

ስለ ቦታ፣ ጢስ ዓባይን ያሰባችሁ ካላችሁ ፏፏቴው በፎቶ እንደምታውቁት የሚሆነው ክረምቱ እንደወጣ ነው። በጥር ውሃው ይቀንሳል፣ ለኃይል ማመንጫም ስለሚጠለፍ የሚታየው በአብዛኛው ዓለት ነው። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ማምሻ ብርሃን ጥሩ ነው፤ በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር አዲሱ የዓባይ ድልድይም ሙሽሮች የሚያዘወትሩት ሆኗል። ድልድይና የመንግሥት ግቢ ላይ ግን ጥበቃ ሳይጠየቅ ካሜራ አይወጣም። ደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ግቢም እንደዚያው ነው፤ ፈቃዱን በሳምንቱ ሥራ ቀን ጨርሱ፣ እሁድ የሚፈርም ሰው አታገኙም። ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ የምትወጡ ከሆነ ብርዱ ባትሪ ስለሚያዳክም ትርፍ ባትሪዎቹ በኪስ ውስጥ ሙቀት አግኝተው ይቆዩ።

የቤተሰብ ፎቶን አንሺው ብቻውን አይወጣውም። አጎትና አክስቱን አያውቅም። ከሁለቱም ወገን ዘመድ የሚያውቅ፣ ድምፁ የሚሰማ አንድ አንድ ሰው መድቡና ከ12 እስከ 15 የሚሆኑ የቡድን ፎቶዎችን በቅደም ተከተል ጽፋችሁ ስጧቸው። አንዱ ቡድን በአማካይ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ 15 ቡድን 45 ደቂቃ ነው። አያቶችን መጀመሪያ አንሱ፤ ከምሳ በኋላ ይደክማቸዋል፣ ወይም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የፎቶና የቪዲዮ ሰዎች ከተለያየ ስቱዲዮ ከሆኑ በዋዜማው በስልክ ይነጋገሩ፤ ካልተነጋገሩ የአንዱ መብራት የሌላውን ፎቶ ያበላሻል፣ ቀለበት ሲጠለቅም የሚታየው የካሜራ ሰው ጀርባ ነው። ምሳቸውን ከሙሽሮች ጋር በአንድ ሰዓት አቅርቡላቸው፤ ቆይተው ሲበሉ ጭፈራው ያመልጣቸዋል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ጾመኛ መሆናቸውን ጠይቁ።

ርክክብ

በሰርጉ ማግስት አንሺው ካርዶቹን በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ መገልበጡን በስልክ አረጋግጡ። የስቱዲዮ ኮምፒውተር ቫይረስ አያጣውም፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፎቶ እንደሌለ ቁጠሩት።

ለአልበም የሚሆነውን የምትመርጡት እናንተ ስለሆናችሁ ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ደንበኛው ራሱ ነው። ወር ሙሉ «እናያለን» ስትሉ አንሺው ወደ ፋሲካ ሰርጎች ይገባል፣ የእናንተም ሥራ ወደ ኋላ ይገፋል። በሁለት ሳምንት ጨርሱ፤ መራጩ ሁለት ሰው እንጂ ሙሉ ቤተሰብ አይሁን።

ፋይሉን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ አትቀበሉ፤ ይጨመቃል። በፍላሽ ዲስክ ወይም በሃርድ ዲስክ ውሰዱ። ቤት ወስዳችሁ ሳይሆን እዚያው ክፈቱት፤ ከመጀመሪያ፣ ከመሃልና ከመጨረሻ አሥር አሥር ፎቶ መርጣችሁ መጠኑን እዩ። ከ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የወጣና ያልተቆረጠ ፎቶ 6,000 በ4,000 ፒክስል ገደማ ነው፣ ፋይሉም በሜጋባይት ይቆጠራል። 300 ኪሎባይት ካሳየ የተጨመቀውን ነው የሰጣችሁ። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ለማሳተም 2,400 በ3,600 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል፤ ከዚያ በጣም ያነሰው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይደበዝዛል። ቪዲዮውን መሃሉ ላይ ከፍታችሁ ድምፁን ስሙ፣ የካህኑ ቃል ወይም የሽማግሌው ምርቃት ይሰማ እንደሆነ። የጎደለ ካለ እዚያው ጽፋችሁ አስፈርሙትና ቀሪውን 30 ከመቶ እስኪሟላ ድረስ ያዙ። ሁሉም ከተሟላ ክፈሉና አንዱን ቅጂ ለሙሽራው ወላጆች፣ ሌላውን ለሙሽራዋ ወላጆች ቤት አስቀምጡ።